ቆጪና ኮቺ፤ በሥዕል የታየ ጎዳና ለንግድ የሚሰጠው ጥቅም

በሩቅ ምሥራቅ በጃፓን አገር፣ አኒሜ እየተባለ በሚጠራው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ውስጥ የታዩትን እውነተኛ ጎዳናዎች፣ ድልድዮችና ደረጃዎች በአካል ሄዶ የመጎብኘት ልማድ ከተጀመረ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ይህ ልማድ በመጀመሪያ የወጣቶች ጨዋታ መስሎ የታየ ቢሆንም፣ ዛሬ ግን የባለሱቁን መሳቢያ፣ የሆቴሉን አልጋና የባቡሩን ወንበር የሚሞላ የንግድ ጉዳይ ሆኗል። የጅማና የአካባቢዋ የቡና ከተሞች ነጋዴዎችም ነገሩን የሩቅ አገር ወሬ ነው ብለው ሊያልፉት አይገባም፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ሠዓሊውን ብቻ ሳይሆን፣ በሥዕሉ ውስጥ የሱቁ በር የሚታየውን ነጋዴ ጭምር ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አኒሜ የሚባለው በእጅ ወይም በኮምፒዩተር እየተሣለ እንደ ሲኒማ የሚንቀሳቀስ የጃፓን የሥዕል ፊልም ነው። ታሪኩ ልብ ወለድ ሲሆን፣ ታሪኩ የሚፈጸምበትን ሥፍራ ግን ሠዓሊዎቹ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛ ከተማ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ የኤሌክትሪኩን ምሰሶና የሱቁን ሰሌዳ ሳያስቀሩ እንዳለ ይሥሉታል። ተመልካቹም ፊልሙን ከወደደ በኋላ ሥፍራውን ፈልጎ ይሄዳል፤ ሥዕሉ በተሣለበት አቅጣጫ ቆሞ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሲርበው ይበላል፤ ሲመሽበት ያድራል፤ ሲመለስም ለወዳጆቹ የሚሰጠው ማስታወሻ ይገዛል። ጃፓኖች ለዚህ ጉዞ የሰጡት ስም፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ የተቀደሰ ሥፍራን መሳለም ማለት ነው። ይህን ለኢትዮጵያ ነጋዴ ማስረዳት አያስቸግርም። በታኅሣሥና በሐምሌ በ19ኛው ቀን ወደ ቁልቢ የሚተመውን ሕዝብ ያየ፣ ወይም ለዚያራ ለሚጓዝ መንገደኛ ስንቅ የሸጠ ሁሉ፣ የሰው ልብ ወደ አንድ ሥፍራ ሲሳብ ኪሱም አብሮት እንደሚሄድ ያውቃል። የእምነት ጉዞና የሥዕል ጉዞ በክብር አንድ አይደሉም፤ ንጽጽሩ ለገበያው ብቻ ነው።

ነጋዴዎች ከሁሉ አብልጠው ሊመለከቱት የሚገባው ምሳሌ ዋሺኖሚያ በተባለች፣ ከቶኪዮ በስተሰሜን በሳይታማ አውራጃ በምትገኝ አነስተኛ ከተማ የተፈጸመው ነው። በ2007 ዓ.ም. ላኪ ስታር የተባለው አኒሜ በቴሌቪዥን ሲታይ፣ የከተማይቱ ጥንታዊ የሺንቶ ቤተ መቅደስ በር በሥዕሉ ውስጥ ነበረበት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ካሜራ ያነገቱ ወጣቶች በቤተ መቅደሱ ዙሪያ መታየት ጀመሩ። የከተማይቱ የንግድና የኢንዱስትሪ ማኅበር፣ ይኸውም በሥራው ከንግድ ምክር ቤት ጋር የሚመሳሰል ማኅበር፣ እነዚህን እንግዶች እንደ ሥራ ፈት አልቆጠራቸውም። ሠራተኞቹ ወደ ወጣቶቹ ሄደው ምን እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው። ከዚያም የሥዕሉን መብት የያዘውን ካዶካዋ የተባለውን አሳታሚ ድርጅት በደንብ አስፈቅደው፣ ከእንጨት የተሠሩ ትናንሽ ማስታወሻዎችን አሠሩ። ዕቃው ሁሉ በአንድ ሱቅ አልተከማቸም፤ አንዱ ዓይነት በአንድ ሱቅ፣ ሌላው ዓይነት በሌላው ሱቅ እንዲሸጥ ተደረገ እንጂ። ሁሉንም ዓይነት ለመሰብሰብ የፈለገ እንግዳ ከበር ወደ በር መዞር ነበረበት። ዳቦ ቤቱም፣ ሻይ ቤቱም፣ ጫማ ሻጩም ከእንግዳው ጋር የተዋወቀው በዚህ ዘዴ ነው።

ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። በ2008 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ሰሞን ቤተ መቅደሱን የተሳለመው ሕዝብ 300 ሺህ ደርሶ፣ ካለፈው ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 470 ሺህ ያህል ተቆጠረ። ፊልሙ በቴሌቪዥን መታየቱን ያቆመው ገና በ2007 ዓ.ም. መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፊልሙ ሲያበቃ ሕዝቡ እየበዛ የሄደበት ምክንያት ሌላ አይደለም፤ እንግዳው በከተማይቱ ሰዎች ዘንድ ወዳጅነት ስላገኘ ነው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም በተደረገው የከተማይቱ በዓል፣ የፊልሙ ሰዎች የተሣሉበትን የበዓል መሸከሚያ እንግዶቹ ራሳቸው በትከሻቸው ተሸክመው ዞረዋል። ዋሺኖሚያ በ2010 ዓ.ም. ከጎረቤቷ ከኩኪ ከተማ ጋር ተዋሕዳ በአስተዳደር ስሟ ቢቀርም፣ ለሥዕል ጎብኚዎች ግን ስሟ አልቀረም።

ኦአራይ የተባለችው የባሕር ዳር ከተማ ነገርም ከዚህ ይቀራረባል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል ጎድቷት ነበር። በ2012 ዓ.ም. ጎዳናዎቿ በአንድ አኒሜ ሲታዩ፣ ባለሱቆቹ እያንዳንዳቸው የፊልሙን አንዲት ልጅ ሥዕል በሰው ቁመት አስቆርጠው በሱቃቸው ደጃፍ አቆሙ። በማግሥቱ ዓመት የከተማይቱ የዓሣ በዓል ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ሰብስቧል።

በእነዚህ ምሳሌዎች ቤተ መቅደስና በዓል ስላሉ፣ ጎብኚ የሚመጣው ታላቅ ሐውልት ላለበት ሥፍራ ብቻ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ግን ስሕተት ነው። በ2016 ዓ.ም. ወጥቶ በዓለም ሁሉ በታየው ዩር ኔም በተባለው ፊልም ምክንያት ሕዝብ የሚጎርፍበት አንዱ ሥፍራ፣ በቶኪዮ መኖሪያ ሰፈር መካከል ያለ፣ ቀይ የብረት መደገፊያ የተበጀለት ተራ ደረጃ ነው። የሰፈሩ ሰው ዘወትር ዘንቢሉን ይዞ የሚወጣበትና የሚወርድበት ደረጃ ነበር። የጃፓን ሠዓሊዎችም የራሳቸውን አገር ብቻ አይሥሉም። በ1974 ዓ.ም. ለታየው ሃይዲ የተባለ የቴሌቪዥን ሥራ ሠዓሊዎቹ እስከ ስዊስ አገር ተጉዘው ተራራውንና ቤቱን አይተዋል፤ በ1989 ዓ.ም. የወጣው ስለ አንዲት መልእክት አድራሽ ጠንቋይ ልጅ የሚናገረው ፊልም ደግሞ የከተማውን መልክ የወሰደው ከስዊድኖቹ ከስቶክሆልምና ከቪስቢ ነው። የሚስብ መልክ ያለው ጎዳና የትም ይሁን የት ሠዓሊ ሊያገኘው ይችላል።

ለጅማ ነጋዴ በተለይ የሚጥመው ምሳሌ ግን፣ ስሙ እንኳ ከጅማ ሰፈር ስም ጋር የሚመሳሰለው ነው። ከጃፓን አራት ታላላቅ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በሺኮኩ ደቡብ፣ ኮቺ የሚባል አውራጃ አለ፤ ዋና ከተማውም ኮቺ ይባላል። ለጃፓናዊ እንግዳ መንደራ ቆጪ ደርሰሃል ብሎ የነገረው ሰው፣ እንግዳው ፈገግ ብሎ ስሙን ደግሞ እንዲነግረው መጠየቁ አይቀርም። የስሞቹ መቀራረብ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ነገር ግን ብልህ ነጋዴ አጋጣሚንም ይሸጣል።

በኮቺ ከተማ ውስጥ የጥንት መኳንንት ቤተ መንግሥት የሆነ ግንብ ይገኛል። ከግንቡ በር ጀምሮ በሚዘረጋው ሰፊ ጎዳና ላይ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የእሑድ ገበያ ይቆማል። ይህ ገበያ የተጀመረው በ1690 ዓ.ም. ነው። ገበሬው አትክልቱንና ችግኙን፣ አንጥረኛው ቢላዋውን፣ ባልቴቷ በቤቷ ያዘጋጀችውን ምግብ ይዘው ይወጣሉ። በ1993 ዓ.ም. ስቱዲዮ ጂብሊ የተባለው ስመ ጥር ድርጅት፣ በኮቺ ስለሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚናገር አንድ የሥዕል ፊልም ለቴሌቪዥን ሠራ፤ በሌሊት በመብራት ደምቆ የሚታየው ግንብም በታሪኩ ውስጥ አለበት። ፊልሙ ከሌሎቹ የጂብሊ ሥራዎች ጋር ሲተያይ ዝናው አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ ኮቺ ዝናን ከሌላ አልጠበቀችም። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማንጋ፣ ማለት በሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ እየሣሉ የሚወዳደሩበትን በዓል በከተማው ታደርጋለች። አንፓንማን የተባለውን የሕፃናት ሥዕል የፈጠረው ያናሴ ታካሺ ያደገው በዚያው አውራጃ ስለሆነ፣ በ1996 ዓ.ም. ለሥራው መታሰቢያ የሚሆን ቤተ መዘክር በካሚ ተከፍቶለታል። እንግዲህ አንድ የገጠር አውራጃ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ግንብና የልጆች የሥዕል ውድድር ናቸው፤ ሌላ ምሥጢር የለበትም።

ጅማ ከነዚህ አንዱም አይጎድላትም። የሂርማታ ገበያ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ይኸውም ከ1878 እስከ 1932 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነበር። ስለ ጅማ መንግሥት መጽሐፍ የጻፈው አሜሪካዊው ኸርበርት ልዊስ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጅማ ገበያ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገበያዎች ሁሉ ታላቁ መሆኑንና በበጋ በደኅና ቀን እስከ 30 ሺህ ሕዝብ እንደሚሰበሰብበት መስክሯል። ኮቺ እሑድ ሲኖራት ጅማ ሐሙስ አላት። ኮቺ ግንብ ሲኖራት ጅማ በጂሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አላት። ከዚህም በላይ የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ያስቀራቸው የፈረንጅ አራዳ ቤቶች፣ ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ ባርጩማ አሉ። ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አጋሮ ይደረሳል፤ በጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬም ቡና መጀመሪያ የታወቀባት ሥፍራ መሆኗ በአገሬው ዘንድ ይተረካል። ከአጋሮ አካባቢ የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ቡና በ2012 ዓ.ም. በተደረገ የቅምሻ ውድድር ከአፍሪካ ቡናዎች አንደኛ መባሉን ላኪዎች አይዘነጉትም።

የጃፓን ሰውና የዚህ አገር ቡናም እንግዳ ለእንግዳ አይደሉም። የኢትዮጵያ ቡና በጃፓን ሱቆች ለብዙ ዘመን የተሸጠው ሞካ በሚለው ስም ነው፤ ስሙ ግን ከቀይ ባሕር ማዶ ያለው የየመን ወደብ ስም ነው። ቡናው የበቀለበት ኮረብታና የተጫነበት ጎዳና ሳይታወቅ፣ ማዶ ያለው ወደብ ክብሩን ወሰደ ማለት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት ርዳታ በበለጠ ጌራ ደን የተካሄደው ሥራ፣ የደን ቡናው በ2007 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ የጥራት ምስክር ወረቀት እንዲያገኝ አድርጎ ነበር። በማግሥቱ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት ተገኝቶ ንግዱ ክፉኛ ቀዘቀዘ። በዚያን ጊዜ ብዙው ገዢ የሚያውቀው ጆንያውን ብቻ ነበር፤ ጆንያው ሲጠረጠር ሁሉም አብሮ ተጠረጠረ። ገዢው የጎዳናውን መልክ፣ የባለሱቁን ሰላምታና የቡና አጣቢውን ጣቢያ ቢያውቅ ኖሮ የላቦራቶሪው ውጤት አይለወጥም ነበር፤ ደንበኛው ግን ለመመለስ የሚቸኩልበት ምክንያት ይኖረው ነበር።

ጥያቄው እንግዲህ የሚሣል ነገር አለ ወይ የሚል አይደለም፤ ሠዓሊው እስኪመጣ ድረስ ይቆያል ወይ የሚል ነው። በቅርብ ዓመታት በኢትዮጵያ ከተሞች፣ በጅማም ጭምር፣ የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ መንገዶች ሰፍተዋል፤ የእግረኛ መሄጃ፣ መብራትና የወንዝ ዳር መናፈሻ ተሠርቷል። ጭቃ ለለመደ ነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚነቅፈውም ሰው ሊኖር አይገባም። ነገር ግን መንገድ ሲሰፋ የሱቁ ፊት መጥፋት አለበት የሚል ሕግ የለም። በየከተማው ባለሱቁ በገዛ ፈቃዱ የእንጨት በሩን ነቅሎ፣ በረንዳውን ዘግቶ፣ ፊቱን በመስታወትና በአሉሚኒየም ሲሸፍነው ይታያል። እንዲህ የሆነው ጎዳና ንጹሕ ነው፤ ሆኖም ጅማ ይሁን አዳማ፣ ሐዋሳ ይሁን ደሴ ለመለየት ሰሌዳውን ማንበብ ያስፈልጋል። በበረንዳ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር የተደረደረ የቡና ጆንያ፣ በእጅ የተጻፈ የሱቅ ሰሌዳ ሠዓሊ የሚፈልጋቸው ናቸው፤ ከነጋዴው ዘንድ ግን ዋጋ የሌላቸው መስለው በቅድሚያ የሚጣሉት እነርሱ ናቸው። የመንደራ ቆጪ ባለንብረት ቤቱን ሲያድስ ጣሪያውን ቢያጠናክር፣ ቧንቧውን ቢያስገባ፣ ሽቦውን ቢለውጥ፣ በሩንና በረንዳውን ግን ቢያቆይ፣ ለንብረቱ የሚጨምረው ዋጋ መስታወቱ ከሚጨምረው ይበልጣል እንጂ አያንስም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣ አንድ እውነተኛ ተቃውሞ አለ፤ እርሱም ከራሷ ከጃፓን የመጣ ነው። በካማኩራ ከተማ በባሕር ዳር ያለ አንድ የባቡር ማቋረጫ ከ1993 እስከ 1996 ዓ.ም. በቴሌቪዥን በታየው ስላም ዳንክ በተባለ አኒሜ መግቢያ ላይ ይታያል። በ2022 ዓ.ም. መጨረሻ አዲሱ ፊልም ከወጣ በኋላ ከውጭ አገር ሳይቀር የመጣው ሕዝብ መንገዱን እየዘጋ ፎቶግራፍ ስላነሣና ቆሻሻ ስለጣለ፣ የሰፈሩ ነዋሪ ተማረረ፤ ከተማውም ዘበኛ ለማቆም ተገደደ። እዚያ እንግዳው ሥዕሉን አንሥቶ ይሄዳል እንጂ ከሱቅ ወደ ሱቅ እንዲዞር አስቀድሞ የተሰናዳለት ነገር ስላልነበረ፣ ለነዋሪው የቀረለት ጭንቁ ይመስላል። የጅማም ገበያ ለእንግዳ ካሜራ የቆመ ትርኢት አይደለም። ሙዳይዋን ዘርግታ ኮረሪማ የምትሸጥ እናት ሳትጠየቅ ልትነሣ አይገባትም፤ ይህን ደግሞ በግልጽ ጽፎ በየበሩ መስቀል የነጋዴው ማኅበር ፈንታ ነው።

ሌላው ተቃውሞ፣ ሥዕል የልጆች ነገር ነው የሚለው፣ ብዙ መልስ አያሻውም። ጃፓን ውስጥ በ2016 ዓ.ም. የአኒሜ ጉብኝት ማኅበር ተቋቁሞ፣ በሺኮኩ ደሴት ባሉት 88 የተሳላሚ ቤተ መቅደሶች አምሳል 88 ሥፍራዎችን እየመረጠ ያስታውቃል። ይህን የሚያደርጉት ልጆች አይደሉም። በኢትዮጵያም ቢሆን ኢታን ኮሚክስ የተባለው ድርጅት በ2018 ዓ.ም. ጀምበር የተባለውን ባለ ሥዕል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሞ፣ ጀግናውን በአዲስ አበባ አኑሮታል። አዲስ አበባ ከተሣለች ጅማ የማትሣልበት ምክንያት አይታይም።

ስለዚህ ሥራው ከውጭ ሠዓሊ መምጣት በፊት መጀመር አለበት፤ ወጪውም የሚያስደነግጥ አይደለም። ከመንደራ ቆጪ እስከ ሂርማታ ያሉት ባለሱቆች ተስማምተው የእያንዳንዱን ሱቅ ፊት ፎቶግራፍ አስነሥተው በምክር ቤቱ መዝገብ ቢያስቀምጡ፣ ቤቱ በኋላ ቢታደስ እንኳ መልኩ አይጠፋም። የቀለምና የወረቀት አስመጪዎች እንደ ኮቺው ያለ የተማሪዎች የሥዕል ውድድር ቢያቋቁሙ፣ ርእሱም የጅማ አንድ ጎዳና ቢሆን፣ ዕቃቸው የሚታወቅበት ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አያገኙም። ላኪው ደግሞ ለገዢው የናሙና ቡና ሲልክ፣ ያሸነፈውን ሥዕል በከረጢቱ ላይ አትሞ፣ ከሥሩ የጎዳናውን ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በጃፓንኛ ቢያኖር፣ ሞካ የሚለው ቃል ያልነገረውን ያ ሥዕል ይነግርለታል። ሠዓሊው ተማሪ ቢሆንም ባለመብት መሆኑ አይዘንጋ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በሥራ ላይ ነውና፣ በጽሑፍ ተዋውሎ ዋጋውን መክፈል ይገባል። ዋሺኖሚያዎች መብት የያዘውን ድርጅት ቀድመው ባያስፈቅዱ ኖሮ አንድ ማስታወሻ እንኳ አይሸጡም ነበር። እንግዳ ሲመጣ የሚጠይቀው ደግሞ ጥቂት ነው፤ በሰሌዳ ላይ የተጻፈ ዋጋ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤትና ተቀምጦ ቡና የሚጠጣበት በረንዳ። ባርጩማው አለ።

በጅማ አገር ቡና ሲደርስ ባለሱቁም ላኪውም ትንፋሽ አያገኙም፤ ክረምት ሲገባ ግን ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ተማሪውም ከትምህርት ቤት ይወጣል። ፎቶግራፉና ውድድሩ በሐምሌ ቢጀመሩ፣ የተመረጡት ሥዕሎች የአዲሱ ቡና ናሙና ከመላኩ በፊት ለማተሚያ ቤት ይደርሳሉ።